የኪችን ካውንተር በአርማታ፦ እዚያው ይሞላ ወይስ ታች ተሞልቶ ይውጣ?

እህቴ የምትኖረው ልደታ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። የኪችኗ ካውንተር ቺፑድ ነበር። ከሲንኩ ዙሪያ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፤ ከዚያ በጣት ሲነኩት መፈርፈር ጀመረ። አንድ ቀን ካዛንቺስ ካፌ ውስጥ ግራጫ የአርማታ ባንኮኒ አይታ ወደደችው። ማታ ደውላ "ይኼማ ሲሚንቶ አይደል እንዴ? ለምን ራሳችን አንሠራውም?" አለችኝ።

ሠራነው። ከዚያ እናታችን አይታ "ለእኔስ?" አለች። የእሷ ቤት አራት ኪሎ ነው፤ ጊቢ ያለው የድሮ ቤት። ሁለተኛውን እዚያ ሠራን። ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ልኩም ያው ነው። አሠራሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ይህን የምጽፈው በሁለቱ መካከል ለምታመነቱ ነው። ስለ ቀለምና ስለ መልክ ከማሰባችሁ በፊት ደረጃችሁን ቁጠሩ። ቀጥሎ ምጣዳችሁ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ሁለቱ ይከተላል።

መጀመሪያ፣ አርማታ ያስፈልጋችኋል?

ግራናይት በጥንካሬ ይበልጠዋል። ሎሚ አይበላውም፣ ትኩስ ድስት አይጎዳውም። ባለ 2 ሴንቲው በካሬ ወደ 54 ኪሎ ይመዝናል። ገንዘቡ ካላችሁና ጊዜው ከሌላችሁ እሱን አስቆርጣችሁ ተገላገሉ፤ ቅር አይበላችሁ።

እምነበረድ ውብ ነው፤ የአገራችንም እምነበረድ ጥሩ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ይበሉታል። አርማታም በአሲድ በኩል እንደዚያው ነው። ስለዚህ "አርማታ ሎሚ አይወድም" ብሎ ወደ እምነበረድ የሚሄድ ሰው ያተረፈው ነገር የለም። ሴራሚክ ደግሞ በዋጋ ይቀላል፤ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነው። መጋጠሚያውን የሚሞላው ቦያካ በርበሬና ዘይት ይጠጣል፣ ዓመት ሳይሞላው ይጠቁራል።

አርማታ የሚበልጥበት ቦታ አለ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ አይደለም። የእህቴ ኪችን ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው 3 ሴንቲ ይሸሻል። የተቆረጠ ድንጋይ ስታስጠጉ ያ ክፍተት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አርማታ ግን እዚያው ሲሞላ የግድግዳውን ጉብጠት ተከትሎ ይቀመጣል። ይህ ለእኔ ከመልኩ በላይ ያሳመነኝ ምክንያት ነው።

ክብደቱን በወረቀት አስሉት

የእህቴ ካውንተር 2.40 ሜትር በ60 ሴንቲ ነው፤ 1.44 ካሬ ማለት ነው። በ5 ሴንቲ ውፍረት 0.072 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ወደ 2,400 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 173 ኪሎ ገደማ። የሲንኩ ቀዳዳ ሲቀነስለት ወደ 150 ይወርዳል።

150 ኪሎ በቺፑድ ወይም በኤምዲኤፍ ካቢኔት ላይ አይጫንም። ወይ በቱቦላሬ የተበየደ ፍሬም ይሠራለት፣ ወይ በብሎኬት እግር ይቁም። እህቴ ቤት ቱቦላሬ፣ እናቴ ቤት ብሎኬት ተጠቀምን። ቱቦላሬው ቦታ ይቆጥባል፤ ብሎኬቱ ይረክሳል፣ ዝገትም አያውቅም። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ግን ተጨማሪ የብሎኬት ክብደት ወለሉ ላይ ባትጭኑ ይሻላል።

ታች ተሞልቶ የሚወጣው

በዚህ አሠራር ካሳፎርማው፣ ማለትም አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ፣ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ከታች የሚሆነው ገጽ በኋላ የካውንተሩ ላይኛው ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ፎርማይካ የተለበጠ ሰሌዳ ታነጥፋላችሁ፣ ጠርዙን በሞራሌ ታቆማላችሁ፣ ማዕዘኑን በሲሊኮን ታሽጋላችሁ። ሲንኩ የሚገባበት ቦታ ላይ በልኩ የተቆረጠ ፎም ታጣብቃላችሁ። ከዚያ አርማታው ይሞላል፣ ጎን ጎኑ በጎማ መዶሻ እየተመታ አየሩ ይወጣል።

ውጤቱ ያምራል። ፎርማይካው የለሰለሰውን ያህል አርማታውም ይለሰልሳል። ማንም የሊሾ ችሎታ አያስፈልገውም። ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ይታተማል። ጭረት ካለ ጭረት፣ የሲሊኮን ጠብታ ካለ የጠብታ ጉድጓድ። እናቴ ቤት አንድ የሣር ስንጥር ሳናየው ቀርቶ ዛሬም ቅርጹ ከሲንኩ በስተግራ አለ። እናቴ ወዳዋለች።

ከባዱ ነገር መገልበጡ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሳይሞላው አትንኩት። ስታነሱት ደግሞ እንደ ትሪ ጠፍጣፋውን ይዛችሁ አትሂዱ፤ በራሱ ክብደት መሐሉ ላይ ይሰበራል። እንደ መስታወት በጎኑ አቁማችሁ ተሸከሙት። ሲንክ ያለበት ቁራጭ ከሁሉም የደከመ ነው። ከሲንኩ ፊትና ኋላ የሚቀረው ቀጭን መስመር ከ7 ወይም ከ8 ሴንቲ ባያንስ ጥሩ ነው። እሱም ቢሆን እስኪቀመጥ ድረስ ጣውላ በጎኑ ታስሮለት ይጓዝ።

እናቴ ቤት ለሁለት ከፍለን ሞላነው። እያንዳንዱ 75 ኪሎ ገደማ ሆነ። ጊቢው ውስጥ፣ ከኮባው ጥላ ሥር። አራት ሆነን በአሥር እርምጃ ኪችን አስገባነው። አሁን ያንኑ ነገር በጠባብ ደረጃ አራት ፎቅ ስታወጡት አስቡ። በየመጠምዘዣው አንድ ጊዜ ቢጋጭ ማዕዘኑ ይሄዳል፤ ወይ የሰው ጣት።

እዚያው የሚሞላው

ክብደቱ አይቀንስም። ያው 150 ኪሎ ነው። ግን በባልዲ እየተከፋፈለ ነው የሚወጣው፤ 15 ኪሎ በ15 ኪሎ፣ አሥር ምልልስ። ፍሬሙ ላይ ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይነጠፋል፣ ፊት ለፊቱ በጣውላ ይዘጋል፣ ከሥር በሞራሌ ይደገፋል። ግድግዳው ራሱ ካሳፎርማ ይሆናል። መጋጠሚያ የለውም፤ የሚሸከመው ሰው የለም፤ የሚገለበጥም ነገር የለም።

የውጭ አገር መመሪያዎችን ብታነቡ ይህን አሠራር ለጀማሪ የማይመክሩ ታገኛላችሁ። ዋናው ምክንያታቸው ይህ ነው፦ ላይኛውን ገጽ በእጅ ማለስለስ ይከብዳል። እነሱ እውነት አላቸው፤ ለእነሱ። እኛ ጋ ግን ሊሾ አለ። ፒያሳም ሆነ ጨርቆስ፣ የድሮ ቤት ወለል ብዙ ጊዜ ሊሾ ነበር። በየሰፈሩ ዕድሜ ልኩን ሊሾ ሲመታ የኖረ ግንበኛ አይጠፋም። ከባድ የተባለው ሥራ ለእሱ የዕለት እንጀራው ነው።

እኛም አንድ ጋሼ አገኘን። በስድሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። አርማታው ተሞልቶ በጣውላ ከተስተካከለ በኋላ ምንም ሳይነኩት ቁጭ አሉ። እኔ ቸኮልኩ። እሳቸው ወደ ላይ የወጣው ውሃ እስኪጠፋ ጠበቁ። ቆይተው በአውራ ጣታቸው ጫኑት። ጣቱ ትንሽ ምልክት ትቶ አልሰመጠም። "አሁን" አሉ። በእንጨት ማለስለሻው፣ በፍራታዞ፣ አንዴ ዞሩበት። እንደገና ቆዩ። ከዚያ በብረት ማለስለሻው፣ ጠርዙን ትንሽ አንስተው፣ በሰፊው እየጠራረጉ ሄዱ። ሦስተኛው ዙር ላይ ብረቱ ድምፅ ማውጣት ጀመረ፣ የሸክላ ድምፅ የመሰለ። ገጹ ጠቆር ብሎ አበራ። ከሙሊቱ እስከዚያ አራት ሰዓት ያህል ፈጅቶብናል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማንም ነበር። ለወለል ሊሾ ሲመታ ደረቅ ሲሚንቶ ይነሰነስበታል። ለካውንተር ይህ አይሆንም። ከላይ የሚቀረው ስስ ንብርብር ሲሚንቶው የበዛ ስለሆነ ከታችኛው የበለጠ ይሸበሸባል፤ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ጋሼ አልተዋጠላቸውም። "አንቺ ልጅ፣ ሊሾ ያለ ዱቄት መች ያበራል?" አሉ። ከሥራው አስቀድመን በሁለት ትንንሽ ሰሌዳ ሞከርነው፤ አንዱ በዱቄት፣ አንዱ ያለ ዱቄት። በሦስተኛው ሳምንት ዱቄት የተነሰነሰበት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታየ። ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው አዩት፣ በጥፍራቸው ጫር አደረጉት። "እንግዲያው ያለ ዱቄት እንምታዋ" አሉ። እናንተም ሠሪ ስትይዙ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ከሆናችሁ እዚያው ሙሉት። ጊቢ ካላችሁ ታች ሙሉትና አውጡት። ፎቅ ላይ ሆናችሁ የሊሾ እጅ ካጣችሁ ደግሞ ከ1.20 ሜትር በማይበልጥ ቁራጭ፣ በ4 ሴንቲ ውፍረት ታች ሙሉት። አንዱ ቁራጭ ወደ 69 ኪሎ ይሆናል። መጋጠሚያ ይበዛባችኋል፤ ግን ይወጣል።

ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ውሃ

ሲሚንቶው ኦፒሲ የሚባለው ይሁን ወይስ ፒፒሲ? ኦፒሲው፣ 42.5 የሚለው፣ ቶሎ ይጠነክራል። ካሳፎርማውንም ቶሎ ያስፈታል። ፒፒሲው፣ 32.5 የሚለው፣ የተፈጨ ፑሚስ የተቀላቀለበት ነው፤ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው። ታች ተሞልቶ ለሚነሳ ኦፒሲ ፈልጉ። እዚያው ለሚሞላ ፒፒሲም ይሆናል፤ ብቻ እርጥበቱን ከሰባት ቀን ይልቅ ለአሥራ አራት ቀን ጠብቁለት። የሚያስፈልጋችሁ ከግማሽ ከረጢት ትንሽ የሚበልጥ ነው። ቀሪው ለናሙና ይሁናችሁ። ሁለት ከረጢት ካስፈለገ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን ግዙ። የሲሚንቶ ግራጫ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

ልኩ በባልዲ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሁለት ደግሞ "ዜሮ አንድ" የሚባለው ደቀቅ ያለ ጠጠር ነው። ተለቅ የሚለው "ዜሮ ሁለት" ለዚህ ውፍረት ይከብዳል።

አሸዋውን ሳትፈትሹ አትጠቀሙ። የመቂም ይሁን የላንጋኖ፣ ስሙ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ቀጥ ያለ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሴንቲ ያህል አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ቁንጥር ጨው አድርጉና በደንብ ናጡት። ለጥቂት ሰዓት ተዉት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው ደለል ከ6 ሚሊ ከበለጠ ወይ እጠቡት ወይ መልሱት። ደለል የበዛበት አሸዋ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ገጹም ዱቄት ይተፋል።

ውሃውን በተመለከተ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ከ22 ሊትር አትለፉ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ቀንሱ። ሲደርቅባችሁ ውሃ ጨምሩ ጨምሩ ይላችኋል። ጋሼ ባልዲዬን በእጃቸው አግደው "ውሃ ስታበዢ ሥራው ይቀልሻል፤ ጥንካሬውን ግን አጠብሽው" ያሉኝ እዚህ ላይ ነው። ማለስለስ ካቃታችሁ ፕላስቲሳይዘር ግዙ፤ ውሃ ሳይጨመር እንዲፈስ ያደርገዋል።

ብረቱ ቀላል ነው። ባለ 6 ሚሊ ፌሮ በየ15 ሴንቲው፣ በጥቁር ሽቦ የታሰረ፣ ከውፍረቱ መሐል የሚቀመጥ። ከ2 ሴንቲ ገደማ ባነሰ ርቀት ወደ ገጹ አይጠጋ፤ ጥላው ይታያል፣ ዝገቱም ይወጣል። የሲንኩ አራት ማዕዘን ላይ ግን አጫጭር ፌሮ በሰያፍ ጨምሩ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አየሩም ድርሻ አለው

ከኅዳር እስከ ጥር አዲስ አበባ ቀን ደረቅ ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ ነው። ቀኑ ውሃውን ይመጥጠዋል፣ ሌሊቱ አጠነካከሩን ያዘገየዋል። በዚህ ወቅት የሞላ ሰው ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ደርቦበት በላስቲክ ይሸፍነው። ውሃ በፈረቃ ከሆነ አንድ ጄሪካን አስቀድማችሁ ሙሉ፤ ላስቲኩ በደንብ ከተዘጋ ይበቃል። ክረምት ላይ እርጥበቱ በነጻ ነው። ያኔ የሚቸግረው ማድረቁ ነው። ማሸጊያ፣ ማለትም ውሃና እድፍ የሚከለክለውን ቅብ፣ ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ክንድ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቃችሁበት እደሩ። ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ካለ ገና ነው።

ማሸጊያው ላይ አትቸኩሉ

ካውንተሩን ካውንተር የሚያደርገው ይህ ነው። ያልታሸገ አርማታ ስፖንጅ ነው። ምርጫው ብዙ ስለሆነ 20 በ20 ሴንቲ የሆኑ አራት ናሙናዎች ሞልቼ አራት ዓይነት ቀባሁባቸው። የንብ ሰም ከተልባ ዘይት ጋር፣ ወደ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ የውሃ መከላከያ፣ ኢፖክሲ፣ ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራ ፖሊዩሪቴን። በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ሎሚ ገልብጬ፣ በዘይት የተለወሰ እርድ፣ የቀለጠ ቅቤና የቡና አተላ አስቀምጬ አደርኩ።

ሰሙ ላይ ሎሚው ነጭ ሻካራ ክብ ትቶ ነበር፤ እርዱም ቢጫ ሆኖ ቀረ። የሚያጽናናው፣ እርድ ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል፤ መስኮት ሥር ካስቀመጥኩት በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ለቀቀ። ሎሚው የበላው ግን አይመለስም። ሰርጎ ገቡ ቅቤውን ጥሩ ተከላከለ፣ ቡናውንም። ሎሚው ላይ ግን ከሰሙ አልተሻለም። ምክንያቱም ላዩ ላይ ሽፋን አይሠራም፤ አሲዱ ሲሚንቶውን በቀጥታ ያገኘዋል። ኢፖክሲው ላይ ምንም አልቀረም። በማግስቱ ትኩስ መጥበሻ ሳስቀምጥበት ግን ክቡ ታተመ። ፀሐይም ቢጫ ያደርገዋል። ፖሊዩሪቴኑ አራቱንም ፈተና አለፈ።

ታዲያ ሁሉም ሰው ፖሊዩሪቴን ይቀባ ማለቴ አይደለም። ሲቀባ ትነቱ ለሳንባ አደገኛ ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ ለኬሚካል ትነት የሚሆን ጭንብል ተደርጎ፣ ልጆች ሌላ ቤት አድረው ነው የሚሠራው። በቢላ ከተጫረ ቦታውን ብቻ መጠገን ያስቸግራል። ሲደርቅ ለምግብ ንክኪ እንደሚሆን መለያው ላይ አንብቡ፤ ሊጥ የሚነካው ቦታ ነውና። እህቴ በየቀኑ ወጥ ትሠራለች፤ ለእሷ ይህን መረጥን።

እናቴ ሰሙን መረጠች። በየሁለት ወሩ በጨርቅ ትቀባዋለች። "የጧፍ ሽታ አለው" ትላለች፣ እውነትም አለው። እድፍ ሲያገኘው በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ታሸዋለች፣ እንደገና ትቀባለች። ለመንከባከብ ደስ የሚለው ሰው ካላችሁ ሰም ይበቃል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ግን አጣጥፋችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጪ አድርቁት።

ምጣዱ

የውጭ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ሲጋገርበት ከሥሩ ያለውን ቦታ ብቻ ያግለዋል። አንዱ ጫፍ ግሎ ሌላው ቀዝቃዛ ሲሆን አርማታ ይሰነጠቃል፤ ማሸጊያውም ይላጣል። ስለዚህ የምጣዱን ቦታ ለብቻው ሙሉት። ከሲንኩ ቁራጭ ጋር አታያይዙት፤ መሐላቸው 5 ሚሊ ክፍተት ተዉና በሲሊኮን ድፈኑት። እዚያ ቁራጭ ላይ ሽፋን የሚሠራ ማሸጊያ አትቀቡ። ምጣዱም በእግሩ ከፍ ብሎ አየር ከሥሩ ይለፍ። ከፍታውንም ከሌላው ካውንተር 15 ሴንቲ ዝቅ አድርጉት። እናቴ ቤት ዝቅ አድርገነዋል፤ ሰፌዱን ስታስገባ ትከሻዋን አታነሳም። እህቴ ቤት ይህን አላሰብንበትም ነበር፤ አሁን ምጣዷ መሬት ላይ ነው።

ሙቀጫም ካውንተር ላይ አትውቀጡ። ግርፊያው ከሲንኩ ማዕዘን ስንጥቅ ይጠራል።

እጃችሁንና ቧንቧችሁን ጠብቁ

እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሲያቃጥል ግን ወዲያው አይሰማም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ጓንቴ ተቀዶ ሳላስተውል ቆየሁ፣ ጣቶቼ ሳምንት ሙሉ ተሰነጣጠቁ። የጎማ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ጠርዙን በፍሌክስ የምትሞርዱ ከሆነ ውሃ እያረጠባችሁ፣ የአቧራ ጭንብል አድርጋችሁ ይሁን። የደረቀው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ባልዲና ካዙላ የታጠበበትን ውሃ ሲንክ ውስጥ አትድፉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ደፍታችሁት ሦስተኛ ፎቅ ጋ ቧንቧ ውስጥ ይደርቃል። ባልዲ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ሲሚንቶው ከሥር ረግቶ ይጠብቃችኋል። ውሃውን አጥልላችሁ ድፉት፤ ተክል ግን አታጠጡት። የረጋውን ሲደርቅ በማንኪያ አንስታችሁ ከፍርስራሹ ጋር ጣሉት።